የጉሬዛ መተንፈሻ

የሞቀ የሞተር ዘይት ሽታ ሌላውን ሰው ምን እንደሚያስታውሰው አላውቅም። እኔን ታላቅ ወንድሜን ያስታውሰኛል። ሸምሱን። ባለፈው ክረምት ጭራ የምትባል ከተማ ቀበርነው። ከዚያ ወዲህ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ካለችው የባትላሜራ ሱቄ ፊት አሮጌ መኪና ጭሱን እየለቀቀ ባለፈ ቁጥር መዶሻዬን አስቀምጬ እቆማለሁ። ጎረቤቶቼ ደከመው ይላሉ። አልደከመኝም፤ ሽታው እስኪያልፍ ነው የምቆመው። ጽሕፈት አልለመድኩም። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ የገባሁት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። የተጣመመ በር እንዴት እንደሚቃና አውቃለሁ፤ የተጣመመ ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚቃና ግን አላውቅም። ቢሆንም እጽፈዋለሁ። ካልጻፍኩት የወንድሜ ስም እንደተጣመመ ይቀራል፤ ያጣመመው ሰው ደግሞ ደህና ስም ይዞ ይኖራል።

ሸምሱ ሹፌር በነበረ ጊዜ ጅማ ባጃጅ አልነበረም። ከጊንጆ እስከ አወቱ መንደራ ሰፈር በእግር ነው የምንሄደው፤ ዝናብ ሲይዘን በየሱቁ ደጃፍ እየተጠለልን፣ ያባራል እያልን እየተጠባበቅን። የአጋሮ መንገድ ገና አስፋልት አልለበሰም ነበር። ሳንቡሳ በሳንቲም ነበር የሚገዛው፤ ፓፓያና አቮካዶ ተደራርቦበት እስከ አፉ የሞላ ስፕሪስ በሦስት ብር። ዛሬ በሦስት ብር ገለባውንም አይሰጡም። ሸምሱ አራት ኪስ ያለው የካኪ ጃኬት ነበረው፤ አንዱ ኪስ የካቻቢቴ፣ አንዱ የሲጋራ፣ አንዱ የማበጠሪያ፣ አራተኛው ተቀዶ ባዶ። ነጭ ሸራ ጫማውን እሁድ እሁድ ወንዝ ዳር አጥቦ ድንጋይ ላይ ያሰጣዋል። ሰኞ ጭቃ ውስጥ እንደሚገባ እያወቀ ያጥበዋል። የሚነዳው መኪና ውስጥ አንድ ካሴት ብቻ ነበር፤ አንዱን ገጽ ቴፑ በልቶበታል። የቀረው ሲያልቅ የተበላውን ራሱ ይዘፍነዋል። ድምፁ አስቀያሚ ነበር። አሁን ያንን አስቀያሚ ድምፅ ለመስማት ምን እንደምሰጥ እንጃ።

መኪናዋ ጉሬዛ ነበር የምትባለው። የእንግሊዝ ስሪት፣ የቤንዚን ሞተር፣ ያኔም አሮጊት። ቀለሟ ጥቁር፣ የኋላ ሸራዋ ነጭ ስለሆነ ከጌራ ጫካ የወረደች ጉሬዛ ትመስላለች ብለው ሹፌሮች ስም አወጡላት። ባለቤቷ ቦሳ ኪቶ የሚኖረው የቡና ነጋዴ አባ ቢያ ነው። ጅማ ሙሉ አንቱ ይለዋል። እኔም ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ እላለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሱ ነው። ሸምሱ የአባ ቢያ ሹፌርም መካኒክም ነበር። ከአጋሮ፣ ከጌራ፣ ከሊሙ ቡና ጭኖ ያመጣል፣ ማታ ኮፈኑን ከፍቶ ሲነካካ ያመሻል። እኔ ያኔ ገና ባትላሜራ ጀምሬ ነበርና የጉሬዛ ወለል ላይ ያለውን ቀዳዳ ሁሉ አውቀው ነበር፤ የደፈንኩት እኔ ነኝ፣ መልሶ የሚበሳው የአጋሮ መንገድ ነው።

አሁን ስለ መተንፈሻው ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ነውና። ሸምሱ እንዳስረዳኝ ነው የምጽፈው። ሞተር ውስጥ ቤንዚን ሲቃጠል ከጭሱ ጥቂቱ በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ወደ ታች፣ ዘይቱ ወዳለበት ይወርዳል። እዚያ ታፍኖ መቅረት የለበትም። የድሮ መኪኖች ላይ ከሞተሩ ጎን አንድ ቧንቧ ወደ መሬት ተንጠልጥሎ ያንን የዘይት ጭስ ወደ ውጭ ይተፋዋል። መኪናው ሲሮጥ ከሥር ያለው ንፋስ ይስበዋል፤ ዳገት ላይ ወይም ጭቃ ውስጥ ሲያዘግም ግን የሚስበው የለም፤ ጭሱ ተመልሶ በወለሉ ይገባል። ሸምሱ አንድ ቀን አወቱ መንደራ የወደቀ የጃፓን መኪና ሞተር አየና እያሳየኝ ሳቀ። ከሞተሩ ራስ ተነስታ ካርቡራተሩ ሥር የምትገባ አጭር ቱቦ፣ መሐሏ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ጣት የምታህል ባልቦላ። በቃ ይኸው ነው። ሞተሩ የራሱን ጭስ መልሶ ይበላዋል አለኝ። ለጉሬዛ እሠራላታለሁ ብሎ ለአባ ቢያ ነገረው። አባ ቢያ ሹፌሮች ሻይ የሚጠጡበት የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ከፋብሪካ ስትወጣ ያልነበራትን አንጀት ልትቀጥልባት ነው እንዴ ብሎ አሳቀበት። ሸምሱም አብሮ ሳቀ። እሱ እንዲህ ነበር። እኔ አልሳቅኩም።

ቀጥሎ የሆነውን ቡና የማያውቅ ሰው አያደርገውም። ጉሬዛ የምታድረው አባ ቢያ ግቢ፣ ቡና በሚሰጣበት አልጋ አጠገብ ነው። ከዚያ ከተንጠለጠለው ቧንቧ ዘይት ጠብ ይላል። አባ ቢያ ቡናው አጠገብ አንዲት የዘይት ጠብታ ማየት አይፈልግም። ስለዚህ አንድ ጠዋት የማዳበሪያ አፍ የሚሰፋበትን ቃጫ ጠምዝዞ በገዛ እጁ የቧንቧውን አፍ ደፈነው። ሸምሱ ይህ መተንፈሻዋ ነው፣ ከታች ከደፈኑት ከላይ ይወጣል አለው። አባ ቢያ ቡናዬ ላይ ከሚንጠባጠብ ከላይ ይውጣ አለ። ከላይ ማለት በዘይት መሙያው ነው፤ ከዚያ በወለሉ ስንጥቅ፣ ከዚያ ሸራው ሥር፣ ማዳበሪያዎቹ ውስጥ። ቡና ደግሞ አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። በሳሙና አጠገብ ያደረ ቡና ሳሙና ነው የሚለው። ለቡናው ብሎ የደፈነው ቧንቧ ቡናውን ገደለው።

ቧንቧው ከተደፈነ በኋላ የተጫነው ቡና ቅምሻ ላይ ባዕድ ሽታ አለው ተብሎ ተመለሰ። የአባ ቢያ ቡና ተመልሶ አያውቅም ነበር። እሱ ከተመላሹ ቡና አንድ እፍኝ ይዞ ጊንጆ መጣ፤ ዳሱ ውስጥ ሹፌሮቹ ፊት ቆመና ሸምሱ ለራሱ ንግድ የላምባ ጄሪካን ከቡናዬ ጋር ደብቆ ጭኗል አለ። እፍኙን ለአንዱም ለሌላውም እያዞረ አሸተታቸው። ቡናው በእርግጥ ላምባ ላምባ ይል ነበር። ሸምሱ ጄሪካን አልነበረም አለ። ስለ ቃጫው ሊናገር ሲጀምር አባ ቢያ አቋረጠው፤ በሰው ፊት ጌታህን ልትከስ ነው ወይ አለው። ወንድሜ ዝም አለ። ለምን ዝም እንዳለ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እንጀራውን የበላበት ሰው ስለሆነ ይመስለኛል። እኔ ደግሞ ያኔ ቃሌን የሚሰማ የሌለ ጀማሪ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ሸምሱ ላምባ ሆነ። አንድም ነጋዴ መኪና የሚሰጠው ጠፋ። ቡና ባለበት ከተማ ሁሉ፣ አጋሮም ሊሙም፣ ስሙ ቀድሞት ይደርሳል። በመጨረሻ ጭራ ገብቶ የሞተር ሳይክልና የቡና መፈልፈያ ማሽን ይጠግን ጀመር። አግብቶ ወለደ። ጅማ ግን ለበዓል እንኳ አልመጣም። እኔ ነኝ የምሄደው።

ጉበቱን ታሞ ነው የሞተ። ቀብሩ ላይ ከኋላዬ አንድ የማላውቀው ሰው ለጓደኛው፣ ይሄ ያ ላምባ ያስነካው ሹፌር አይደል እንዴ ሲለው ሰማሁ። አፈሩ ገና አልተመለሰም። ዘወር ብዬ ልመታው ነበር። ከዚያ ይህ ሰው ምን አጠፋ፣ የሰማውን ነው የሚያወራ ብዬ ተውኩት። የምመታው ሌላ ሰው ነው። ከጭራ እስክመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት እሱን ብቻ ነው።

አላህ ሲያመጣው ደግሞ ያመጣዋል። ሐዘኑ ሳይወጣልኝ ጀማል የሚባል ወጣት ሱቄ መጣ። ሊያገባ ነው። ዛሬ ልጆቹ ለሙሽራ አሮጌ መኪና ይፈልጋሉ፤ ያኔ እንገፋት የነበረችው መኪና አሁን አበባ ተደርጎባት ከፊት ትሄዳለች። አባቴ ግቢ መጠለያ ሥር የቆመች አንዲት አለች፣ አሳምርልኝ፣ ማሎ፣ እባክህ አለኝ። አባትህ ማነው አልኩት። አባ ቢያ አለኝ። እኔ ማን እንደሆንኩ አላወቀም፤ የዚያን ጊዜ ገና አልተወለደም። ጥሩ ልጅ ነው፤ ጥሩ ልጅ መሆኑ አናደደኝ። ጉሬዛ በሌላ መኪና እየተጎተተች መጣች። ቀለሟ ላይ እጄን እንኳ ሳላሳርፍ ሥሯ ገባሁ። ቃጫው አለ። ዘይት ጠጥቶ እንደ እንጨት ደርቋል፣ ግን አለ። ጀርባዬ ላይ እንደተንጋለልኩ ብዙ ቆየሁ። አባ ቢያ ከዚያ ጭነት በኋላ ጉሬዛን ቡና ጭኖባት እንደማያውቅ ጀማል ነግሮኝ ነበር። ሸምሱ ላምባ ጭኖ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሹፌር ቀጥሮ ባስነዳት ነበር። መኪናዋን ያቆማት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስላወቀ ነው። ያን ሳምንት የፍሬኑን ቱቦ እያየሁ ያሰብኩትን አልጽፈውም።

ቃጫውን አልነቀልኩትም። ሞተሯን በመካኒክ አስነሳሁና ጀማልን ከቀለሙ በፊት መንገድ ላይ እንሞክራት አልኩት። ለሰርጉ ቡና ከአጋሮ ሊያመጣ አስቦ ነበርና በዚያው እናምጣው ተባባልን። ከአጋሮ ወዲያ ከአንድ ገበሬ ቤት ከነቅርፊቱ የደረቀ ጀንፈል ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ቡና ገዛ፤ ሁለታችንም አሸተትነው፣ አበባ አበባ ይል ነበር። ራሱ ተሸክሞ ጫነው። እኔ ሸራውን አጥብቄ አሰርኩት። ምሳ ስንበላ ባትሪው ደክሟል፣ ካጠፋኋት አትነሳም ብዬ ሞተሩ ሥራ ላይ እንዲቆይ አደረግኩ። ጥብሱን ቀስ ብዬ ነው የበላሁት። ስንመለስም ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ አዘገምኩ። ጀማል ዓይኑን እያሻሸ አሮጊቷ ትጨሳለች አለ። ትተነፍሳለች አልኩት።

በማግስቱ ጀማል ደወለልኝ። አባቱ ቡናውን አሽትቶ ግቢው ተበጥብጧል፣ ገበሬው አታሎናል፣ አንተም ነበርክና ና አለኝ። ሄድኩ። አባ ቢያ በረንዳ ላይ ማዳበሪያውን ከፍቶ ተቀምጧል። አርጅቷል። ዓይኑ ፈዞ ማን እንደሆንኩ አልለየኝም፣ አፍንጫው ግን የድሮው ነው። ሰላምታዬን ሳይመልስ ከማን ነው የገዛችሁት አለኝ። ቡናው ሲገዛ ደህና ነበር አልኩት።

«እኔን ስለ ቡና ታስተምረኛለህ?» አለ። «ላምባ ነው። ይህን ቡና የጫነ ሰው አጠገቡ ላምባ ጭኗል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ወላሂ።»

«የጫነው ጀማል ነው።»

«ማል ጄቴ?» አለኝ፤ ምን አልክ ማለቱ ነው። በትክክል የሰማ አልመሰለውም።

«ልጅዎ ነው የጫነው፣ በጉሬዛ። እንግዲህ ጄሪካኑን የት እንደደበቀው ይጠይቁት።»

ጀማል አንዴ እኔን አንዴ አባቱን እያየ፣ «አባ፣ የምን ጄሪካን ነው? ጄሪካን አልነበረም» አለ።

ያችን ቃል ስሰማ ወደ አባቱ ዞርኩ።  «ሸምሱም እንደዚሁ ነበር ያለው» አልኩ። «እኔ የሸምሱ ወንድም ነኝ። ባለፈው ክረምት ቀብሬዋለሁ።» ጠዋት ነቅዬ ኪሴ የከተትኩትን ቃጫ አውጥቼ ማዳበሪያው ላይ አኖርኩለት። አባ ቢያ ቃጫውን አላነሳውም። አሸተተው ብቻ፣ ሳይጎነበስ፣ ከሩቅ።

«ዘይት ይንጠባጠብ ነበር» አለ። «ለቡናው ብዬ ነው።»

«የደፈኑት ለቡናው ብለው ነው። ሸምሱ ላምባ ጫነ ያሉትስ ለማን ብለው ነው?»

ልጁ ፊት ነው የጠየቅኩት። ልጁ ባይኖር የሚመልስልኝ አይመስለኝም። ጀማል አባቱን እያየ መልሱን ይጠብቅ ነበር። አባ ቢያ እጁን ከቡናው ላይ አነሳና፣ «ለስሜ» አለ። ከዚያ ወደ ውስጥ ልግባ ብሎ ሲነሳ ጀማል አልደገፈውም። እኔ ደስ አለኝ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ጉሬዛን ለሰርጉ አደርሳታለሁ፣ ቁልፏን ግን የምሰጠው ያንን ክስ ያኔ በተናገሩበት ዳስ ውስጥ ቆመው ውሸት ነበር ሲሉ ነው ብዬ ወጣሁ።

መኪናዋን ሠራኋት። ሰው ለምን ለጠላትህ ትለፋለህ አለኝ። ለሱ አልነበረም። ሸምሱ ሊሠራው ፈልጎ የተሳቀበት ነገር ስለሆነ ነው። እኔ የሞተር ሰው አይደለሁም፤ እሱ አወቱ መንደራ ያሳየኝን እያስታወስኩ ነው የሠራሁት። የድሮውን ቧንቧ ቆርጬ አፉን በቆርቆሮ በየድኩት። ከሞተሩ ጎን መውጫ አበጀሁ፤ ካርቡራተሩ ከሚቀመጥበት በታች ቀዳዳ በስቼ አጭር ቧንቧ ተከልኩ፤ ሁለቱን ዘይት በማያበላሸው ቱቦ አገናኘኋቸው። መጀመሪያ ያለ ባልቦላ ሞከርኩትና ሞተሩ ተንተባተበ፣ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ወጣ፣ ጠፋ። ሸምሱ ያቺ ጣት የምታህል ነገር ካልገባች አይሆንም ይለኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። ከወደቀ የጃፓን መኪና ፈታሁና መሐል አስገባኋት። ንጹሕ አየር የሚገባበትንም በዘይት መሙያው ክዳን ላይ ትንሽ ማጣሪያ ሠራሁለት። ከዚያ ሸምሱ ሞተር ሲፈትሽ የሚያደርገውን አደረግኩ። ክዳኑን ከፍቼ የመሙያው አፍ ላይ የፌስታል ቁራጭ አኖርኩ። ድሮ ቢሆን ጭሱ ያበርረው ነበር። አሁን ፌስታሉ ወደ ውስጥ ጎበጥ አለና ተጣበቀ። ሞተሩ እየሳበ ነው። ጭሱን እየበላ ነው። ኮፈኑ ሥር አንገቴን ቀብሬ አለቀስኩ። የሚያየኝ አልነበረም።

አባ ቢያ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጣ፤ ሁለት ሽማግሌ ይዞ፣ ነጭ ለብሶ፣ ጀማል ከኋላው። ዳሱ ዛሬም አለ፤ ቆርቆሮው ተቀይሯል፣ ሻዩ ተወዷል፣ የድሮዎቹ ሹፌሮች ከሞት የተረፉት ጥግ ጥጉን ይዘው ይውሉበታል። ሽማግሌዎቹ ነገሩን በጓዳ እንጨርሰው፣ ሰው ጉድ አይበል አሉኝ። ያኔም በጓዳ አልነበረም አልኳቸው። አባ ቢያ ከዘራውን ተመርኩዞ ቆመ። ሸምሱ የጫነውን ቡና ላምባ አልነካውም፣ መተንፈሻውን የደፈንኩት እኔ ነኝ፣ እያወቅኩ ነው በሱ ላይ ያልኩት አለ። በለሆሳስ ነው ያለው።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አልኩ።

አንዱ ሽማግሌ ተቆጣኝ። አባ ቢያ ግን እጁን አንስቶ ዝም አሰኘውና ጮክ ብሎ ደገመው። አንድ ሽማግሌ ሹፌር ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «ሸምሱ ላምባ ስንል ኖርን» አለ፤ ለማንም አልነበረም የሚናገረው።  በእኛ ዘንድ እንግዲህ ቀጥሎ የሚሆነው ይታወቃል። ያጠፋ ሰው በሽማግሌ ፊት ወርዶ ካመነ፣ የተበደለው አውፍ ይላል፣ ይቅር ብያለሁ ማለት ነው፤ ከዚያ የፋቲሃ ዱዓ ተደርጎ ይበተናል። አባ ቢያ እጁን ዘረጋልኝ። ሁሉም አፌን ያያሉ።

«አውፍ በል እንጂ ልጄ» አለ ሽማግሌው። «ይህን የሚያህል ሰው ቆሞ አመነልህ።»

ቁልፉን አውጥቼ በተዘረጋው እጁ ላይ አኖርኩት።

«የበደሉት እኔን አይደለም» አልኩት። «ሸምሱ ጭራ ነው ያለው። መኪናዋ አሁን እዚያ ድረስ ሳትሸት ታደርስዎታለች። እዚያ ሄደው ለልጆቹም ይንገሯቸው። ከተመለሱ በኋላ ያኔ እኔን ይጠይቁኝ።»

ሽማግሌዎቹ ልቡ ደንድኗል ብለው ወጡ። ጀማል ሞተሩን አስነሳ፤ አባቱን ደግፎ ጋቢና አስገባው። ምንም አልሸተተም። ሰርጉም ደርሶ አለፈ፤ ጉሬዛ አበባ ተደርጎባት በሱቄ ፊት ስታልፍ አየኋት። ሰው አሁንም መንገድ ላይ እያስቆመ ሽማግሌ ነው፣ ታሟል፣ አውፍ በለው ይለኛል። በየጁምዓው ጭራ ለወንድሜ ሚስት እደውላለሁ። ስለ ልጆቹ እጠይቃታለሁ፣ ስለ ዝናቡ እጠይቃታለሁ፣ በመጨረሻ መጣ ወይ እላታለሁ። ዛሬም አልመጣም ትለኛለች። እኔም ዛሬም አውፍ አላልኩም።